የአባዬ ቤት ሲገመት

ቤቱን የሚገምት ሰው ሊመጣ ነው ስላት እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን እንሥራለት?» ብላ ነው። እንግዳ መስሏታል። «እማዬ፣ የባንክ መሐንዲስ እኮ ነው። ለክቶ ይሄዳል እንጂ አይቀመጥም» አልኳት። «ቤቴ ገብቶ እህል ሳይቀምስ ሊሄድ?» አለችኝ። በነጋታው ድፎ ዳቦ ተደፋ፣ ቡና ተቆላ፣ ሳሎኑ ውስጥ ቄጤማ ተጎዘጎዘ። የእናቴን ቤት ለግምት ያዘጋጀነው በዚህ መልኩ ነው። አብዛኛው ዝግጅታችን የተሳሳተ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ይህ የሆነው በመጋቢት 2011 ነው። ቤቱ ገርጂ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ሁለት መታጠፊያ ገባ ብሎ የሚገኝ ባለ ሦስት መኝታ ቪላ ነው። አባቴ በ2006 ካረፈ በኋላ እናቴ ከአንዲት ረዳት ልጅ ጋር ትኖርበት ነበር። እኔ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ሰሚት ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። ታላቅ እህቴ ሐዋሳ፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሜሪላንድ ናቸው። የእናቴ ጉልበት እየጠናባት ሄደ። ጣሪያው ያፈሳል፣ የኋላው አጥር ዘሟል። ክረምት በመጣ ቁጥር በሌሊት ስልክ ተደውሎ ከሰሚት ገርጂ የምከንፈው እኔ ነበርኩ። በ2010 የገና ሰሞን በስልክ ተሰባስበን ቤቱ ይሸጥ፣ ለእማዬ እኔ ያለሁበት ግቢ ምድር ቤት ይገዛላት ብለን ተስማማን። ተስማማን ስል፣ እናቴ ዝም አለች ማለቴ ነው።

ከዚያ ስምምነት እስከ ግምቱ ቀን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀብን።

ገዢዎቹ ወጣት ባልና ሚስት ነበሩ። ሁለቱም ደመወዝተኛ፣ አንድ ልጅ ያላቸው፣ ሁለተኛው በመንገድ ላይ። ቤቱን ባዩ ቀን ሚስትየዋ ጓሮ ያለው የኮክ ዛፍ ሥር ቆማ አልንቀሳቀስ አለች። ደላላው ዋጋውን 9 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ላይ አገናኘን። እነሱ በእጃቸው 3 ሚሊዮን ተኩል አላቸው። የቀረውን ከባንክ ይበደራሉ። ባንክ ደግሞ ብድር የሚለቀው ገዢና ሻጭ በተስማሙበት ዋጋ ሳይሆን የራሱ መሐንዲስ በገመተው ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር በዚያ ሰው አንድ ጠዋት ሥራ ላይ ተንጠለጠለ።

ቀለም ያልሸፈነው

መሐንዲሱ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እኔ ቀለም ቀቢ አስገባሁ። ጎረቤቶቻችን «ቤት እንደ ሙሽራ ነው፣ ሳይኳኳል አይታይም» አሉኝ፤ አመንኳቸው። ውጪውን ክሬም፣ ሳሎኑን ነጭ አስቀባሁ። የሳሎኑ ኮርኒስ ላይ ውሃ የሳለው ቡናማ ካርታ ነበር። ቀቢው «በፕላስተር ለስኜ ስቀባው አይታይም» አለኝ። ሸፈነው። መታጠቢያ ቤቱ አዲስ መስተዋት ገባለት፣ የብረት በሩ ጥቁር ተቀባ። በአሥራ አንድ ቀን 68 ሺህ ብር አወጣሁ።

ያ ሁሉ ገንዘብ በግምቱ ወረቀት ላይ ምን አመጣ? በአንድ መስመር «ቀለም፦ የተቀባ» የሚል። የግምት ባለሙያ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ ወለሉ ፓርኬ ይሁን ሊሾ፣ መስኮቱ ብረት ይሁን አሉሚኒየም፣ ጣሪያው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ይመዘግባል። ቀለሙ ትናንት ይቀባ የዛሬ ሦስት ዓመት ለእሱ ልዩነቱ ጥቂት ነው። ያ ወጣት ገና ሳሎን እንደገባ የእጅ ባትሪውን አውጥቶ በቀጥታ ኮርኒሱን ማዕዘን ማዕዘኑን አበራበት። ከዚያ መሰላል ጠየቀ። ጣሪያ ውስጥ ገብቶ የበሰበሰውን እንጨት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ወረደ። አልተቆጣም፣ አልተሳለቀም። «ቆርቆሮው ሲቀየር ማገሩም መቀየር ነበረበት» ብቻ አለ። ለቀለም ባወጣሁት ገንዘብ ያንን ጥግ ማሠራት እችል ነበር። ፊቴ ቀላ።

የአባዬ ሳጥን

የረባው ዝግጅት ከዚያ ዓመት በፊት የጀመረው የወረቀቱ ሥራ ነው። ይህንንም ብልህ ሆነን የጀመርነው አይደለም። የአባዬ ስም ያለበትን ካርታ ወደ እናታችንና ወደ እኛ ለማዛወር ስንሄድ ከማኅደሩ ውስጥ ያላሰብነው ነገር ስለወጣ ነው። ቤቱ ለባንክ ብድር በመያዣነት እንደተያዘ የሚገልጽ የድሮ ማስታወሻ። ዕዳና እገዳ ያለበት ይዞታ ደግሞ አይሸጥም፣ አይለወጥም።

ታሪኩን ለማያውቁ ወጣት አንባቢዎች ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ይሰጥ ነበር። አባቴ መምህር ነበር። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ በ1979 በዕጣ 250 ካሬ ሜትር ደረሰው። ገርጂ ያኔ ጅብ የሚጮህበት ሜዳ ነበር። እናቴ «ከከተማ አውጥተህ ገጠር ልታኖረኝ ነው?» ብላ እንዳለቀሰች እስከ ዛሬ ትናገራለች። ለግንባታው ከቤትና ቁጠባ ባንክ 22 ሺህ ብር ተበደረ፣ በሃያ ዓመት የሚከፈል፣ በወር 140 ብር ገደማ።

ብድሩ ተከፍሎ ማለቁን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያለቀ ዕለት አባዬ በግ አርዷል። ማስረጃው ግን የት ነው? ይህን ጊዜ እናቴ ተነሥታ ከአልጋዋ ሥር አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥን ጎትታ አወጣች። ልጅ ሆነን እንዳንነካው የተከለከልነው ሳጥን ነው። በሲባጎ በዓመት በዓመቱ የታሰሩ ሃያ ጥቅል ደረሰኞች ነበሩበት። እያንዳንዱ ጥቅል አሥራ ሁለት ደረሰኝ፤ በጠቅላላው 240። የመጀመሪያዎቹ ላይ የታተመው ስም ቤትና ቁጠባ ባንክ ነው። ባንኩ በ1980ዎቹ ስሙን ስለቀየረ የኋለኞቹ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ይላሉ። ከታች በፖስታ ውስጥ በ1999 የተጻፈ «ብድራቸውን ከፍለው አጠናቀዋል» የሚል ደብዳቤ አለ። አባዬ ደብዳቤውን ተቀብሎ በክብር አስቀምጦታል፤ ወደሚመለከተው ቢሮ ወስዶ የመያዣውን ማስታወሻ ግን አላሰረዘም። ለእሱ ዕዳው የተሰረዘው ከፍሎ በጨረሰ ቀን ነው።

ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ስለተዋሐደ ደብዳቤውንና ደረሰኞቹን ይዤ እዚያ ሄድኩ። የማረጋገጫ ደብዳቤ ተጽፎልኝ ማስታወሻው ተነሣ። ወረፋውንና ምልልሱን እዚህ አልዘረዝርም። በልቤ የቀረው ግን ሌላ ነው። በ1983 ግንቦት፣ መንግሥት በተለወጠበት ወር እንኳ፣ ደረሰኙ አለ። ታናሽ ወንድሜ በተወለደበት ወር አለ። እኔ ታምሜ ሆስፒታል በተኛሁበት ወር አለ። በእነዚያ ወራት ቤታችን ሥጋ እንዳልነበረ አስታውሳለሁ። ምክንያቱን ግን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ሌላው ወረቀት የወንድሜ ውክልና ነው። በዋሽንግተን ኤምባሲያችን አረጋግጦ የላከው የመጀመሪያው ውክልና «ንብረቴን እንድታስተዳድርልኝ» ይላል። ማስተዳደር መሸጥ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ «እንድትሸጥልኝ» የሚለው ቃል በግልጽ መጻፍ አለበት። እንደገና አስጻፍነው፤ ሁለት ወር አለፈ።

ሜትሩ ሲዘረጋ

መሐንዲሱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከአንድ ረዳት ጋር መጣ። ዕድሜው ሠላሳ ቢሞላው ነው። ጫማውን ሊያወልቅ ሲጎነበስ እናቴ «ግባ የኔ ልጅ፣ እንዳታወልቅ» አለችው። ካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ የጸደቀውን ፕላን፣ የዘመኑን የቦታ ኪራይና የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ጠበቅሁት። አይቶ «እንዲህ ተዘጋጅቶ የጠበቀኝ ሰው ትንሽ ነው» አለ። በዚያን ቀን የሰማሁት አንድ ምስጋና እሱ ነው፤ ምስጋናው የአባዬ ሳጥን እንጂ የእኔ አይደለም።

ቤቱን ከመንካቱ በፊት ግቢውን ለካ። በካርታው ላይ 250 ካሬ ሜትር ነው፤ አጥሩ ውስጥ ያለው ግን 261 ሆነ። አባዬ በአንድ ወቅት የወደቀውን የኋላ አጥር ሲያሠራ ትንሽ ወደ ውጪ ገፋ አድርጎት ኖሯል። «ትርፍ ሆነ ማለት ነው?» አልኩ፣ በውስጤ ደስ እያለኝ። «ለእኔ ያለው ካርታው ላይ ያለው ብቻ ነው» አለኝ። እንዲያውም ትርፍ ይዞታ ለገዢው ጣጣ ሊሆንበት ስለሚችል በሪፖርቱ ላይ እንደሚጽፈው ነገረኝ።

ከዚያ ቤቱን በውጪ ዙሪያውን ለካ፣ 112 ካሬ። ግድግዳ ብሎኬት፣ የሳሎን ወለል ፓርኬ፣ መኝታ ቤቶቹ የፕላስቲክ ንጣፍ፣ ኮርኒስ ቺፕውድ። አጥሩን፣ የብረት በሩን፣ የሴፕቲክ ታንኩን፣ ሮቶውን፣ ግቢው ላይ የተነጠፈውን ሲሚንቶ ለየብቻ መዘገበ። ሰርቪስ ቤቱ ከፕላኑ ጋር ስለተስማማ ተመዘገበ።

ስሌቱን ለምን እንደማይደብቀኝ ጠየቅሁት፤ ሳቀና አስረዳኝ። ይህ ቤት ዛሬ በዚሁ ዓይነት ዕቃ ቢሠራ ስንት ይፈጃል? ያ በካሬ ሜትር ይሰላል። ከዚያ ላይ ቤቱ ላረጀበት ይቀነሳል። ቀጥሎ የአካባቢው ደረጃ ይታያል፤ አስፋልት ቅርብ ነው ወይ፣ መንገዱ ስንት ሜትር ነው፣ ውሃ፣ መብራት፣ ፍሳሽ። ቦታው ራሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም። ሁላችንም የምናውቀው ግን ገርጂ ላይ ሰው ሚሊዮኖች የሚከፍለው ለብሎኬቱ አለመሆኑን ነው። ገበያው የሚከፍልበትን ቦታ ባንኩ በጥንቃቄ፣ በከፊል ብቻ ያየዋል። የገበያና የባንክ ዋጋ የሚለያዩት በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻ ከሰርቪሱ ጎን ወዳለችው ክፍል ደረስን። ሦስት በአራት ሜትር የሆነች፣ አባዬ በ1985 ክረምት ከአንድ ግንበኛ ጋር ራሱ ብሎኬት እያቀበለ የሠራት ክፍል ናት። ላይብረሪ ነበር የምንላት። በግድግዳው ላይ የተቀባ ጥቁር ሰሌዳ አለ። አባዬ ክረምት ክረምት የሰፈሩን ልጆች ሒሳብ በነጻ ያስተምርባት ነበር። ወንድሜ ለማትሪክ የተዘጋጀው እዚያ ነው፤ የዛሬው የሰፈሩ ፋርማሲ ባለቤትም እንዲሁ። መሐንዲሱ ፕላኑን ገልጦ አየ፤ ደግሞ አየ። ሜትሩን ወደ ቦታው አስገባው።

«ይሄኛውስ ልጄ?» አለች እናቴ። በምርኩዟ ተደግፋ ከኋላችን ስትከተል ነበር።

«ማዘር፣ ይሄ ፕላኑ ላይ የለም። ፈቃድ ስለሌለው ግምት አይሰጠውም።»

እናቴ ክፍሏን አየች፤ ሰሌዳውን አየች። «ግምት ካልተሰጠው አልተሸጠም ማለት ነዋ» አለች። ወጣቱ ምን እንደሚመልስ ጠፋው። «እንግዲህ ቡናው ሊቀዘቅዝ ነው» ብላ ቀድማን ወደ ሳሎን ገባች። ሦስተኛውን ሳያጠጣ አልለቀቀችውም።

ሁለት ዋጋ፣ አንድ ቤተሰብ

በአሥር ቀኑ ውጤቱ ደረሰን፦ 6 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር። ባንኩ የሚያበድረው የዚህን 70 በመቶ፣ ማለትም 4 ሚሊዮን 690 ሺህ ነው። በእጃቸው ካለው 3 ሚሊዮን ተኩል ጋር ገዢዎቹ 8 ሚሊዮን 190 ሺህ ይደርሳሉ። ከተስማማንበት ዋጋ ለመድረስ አንድ ሚሊዮን አሥር ሺህ ጎደላቸው።

ግምቱ ከገዢዎቹ ይልቅ የጎዳው እኛን ነው። ወንድሜ ወረቀቱን ሲሰማ «እኔ እዚህ ቤተ ክርስቲያን የማገኘው ሰው የገርጂ ቤቱን በ12 ሚሊዮን ሸጠ። ለምንድን ነው እናንተ የምትቸኩሉት?» አለኝ። እናንተ የምትለዋ ቃል ገባችኝ። እናቴን በሌሊት ሐኪም ቤት የማደርሰው እኔ፣ ወረፋ ላይ የቆምኩት እኔ፣ አሁን ደግሞ ከደላላ ጋር የተሻረክሁ መሰልኩ። የማልኮራበትን ቃል መለስኩለት። ሦስት ቀን አልተደዋወልንም። እህቴ ከሐዋሳ ለሁለታችንም እያለቀሰች ትደውል ነበር።

በአራተኛው ቀን የግምቱን ሪፖርት ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ያለምንም ቃል። በውስጡ የጣሪያው ፎቶ አለ፣ የዘመመው አጥር አለ፣ አሥራ አንድ ካሬው ትርፍ አለ፣ «ፈቃድ የሌለው አንድ ክፍል፦ አልተገመተም» የሚል መስመር አለ። ማታ ደወለ። «ላይብረሪዋን ዜሮ ሰጧት?» አለኝ። አዎ አልኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ጣሪያው ያን ያህል መበስበሱን ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ። ነግረነዋል፤ በስልክ የሚነገር ጣሪያ ግን አያፈስም። ያን ቀን ስለ ዋጋ አላወራንም።

ውሳኔው የእናታችን ነበር። ቤቱ የጋራ ንብረታቸው ስለነበር ግማሹ የራሷ ነው፤ እኛ የምንካፈለው የአባዬን ግማሽ ነው። ገዢዎቹን ቤቷ ጠርታ «ለጣሪያው አራት መቶ ሺህ እቀንስላችኋለሁ፤ የቀረውን ፈልጉ» አለቻቸው። ዋጋው 8 ሚሊዮን 800 ሺህ ሆነ፤ የጎደለውን 610 ሺህ ከዘመድ ተበድረው ሞሉት።

ከዚያ ደላላው አንድ «መላ» አመጣ። ውሉ ላይ የባንኩ ግምት፣ 6 ሚሊዮን 700 ሺህ፣ ይጻፍና የቀረው በእጅ ይሰጥ። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ስለሆነ ከዚያ ብቻ 42 ሺህ ብር ለገዢዎቹ ይተርፋል። «ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው እህቴ» አለኝ። እውነት ለመናገር እኔ አመነታሁ፤ ልጆቹ አሳዝነውኝ ነበር። እናቴ ግን «የተቀበልኩትን ነው የምፈርመው። 240 ወር በደረሰኝ የከፈለ ሰው ቤት ያለ ደረሰኝ አይወጣም» አለች። በኋላ አንድ የሕግ ባለሙያ ዘመዳችን ሲያስረዳን፣ የእናቴ ግትርነት ሁለቱንም ወገን የሚጠብቅ ኖሯል። ውሉ አንድ ቀን ቢፈርስና ገንዘብ ቢመለስ ገዢው በቀላሉ የሚያስረዳው የተጻፈውን ብቻ ነው። ሻጭም በማይታይ ገንዘብ ምክንያት ከግብር ጋር ጣጣ ውስጥ ይገባል። ልጆቹም ተስማሙ። ውልና ማስረጃ ሄደን በሰኔ ተፈራረምን።

ለመሸጥ ላሰበ

ከእኛ ስህተት ሌላው ይማር ብዬ ጥቂት ልበል። ቤት ልትሸጡ ካሰባችሁ መጀመሪያ ቀለም ቀቢ ሳይሆን ማኅደራችሁን ጥሩ። ካርታው በማን ስም ነው? ባለቤቱ አርፎ ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ወጥቷል? የተከፈለ ብድር ከማኅደሩ ላይ ተሰርዟል? በትዳር ላይ ያላችሁ ከሆነ የቤተሰብ ሕጉ የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለታችሁንም ስምምነት ይጠይቃል። ውጭ ያለ ወራሽ ካለ ውክልናው «መሸጥ» ይበል።

ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ራሳችሁ ለኩ። ካርታውና አጥሩ፣ ፕላኑና ቤቱ ይስማማሉ? የማይስማማ ነገር ካለ ባለሙያ መጥቶ ሳያየው አስቀድማችሁ እወቁት፤ ለገዢውም ንገሩት። ያለ ፈቃድ የተሠራው ክፍል ሕጋዊ ይሆን እንደሆነ በጊዜ ብንጠይቅ ኖሮ ላይብረሪዋ አንድ መስመር ታገኝ ነበር ይሆናል። ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ጣሪያ፣ ፍሳሽ፣ መብራት መስመር ላይ አውጡ። ቀለም ለዓይን ነው፤ ለገዢ ዓይን ይጠቅማል፣ ለባንክ ስሌት ግን እምብዛም።

ነባር ይዞታ ከሆነ ደግሞ በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለይዞታ ወደ ሊዝ ሥሪት እንደሚገባ ይደነግጋል። ገዢያችሁ ይህን አስቀድሞ ይስማ፤ ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ የሚሰማ ወጪ ሰላም አይሰጥም። ግብሩንም አጣሩ። እኛ በሸጥንበት ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከቤት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ይጥላል፤ ሻጩ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያ የተጠቀመበትን ቤት ግን ነጻ ያደርጋል። እናቴ አንድም ክፍል አከራይታ ስለማታውቅ ይህ ጠቅሞናል። ሕጎች ይለዋወጣሉ። በ2017 እንኳ ስለ ሪል እስቴት ልማትና ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግመታ ራሱን የቻለ አዋጅ ጸድቋል። የእኔን ታሪክ እንደ መመሪያ አትያዙት፤ በምትሸጡበት ቀን ያለውን ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በየትኛውም ቢሮ የማይነገር። የግምቱ ወረቀት ከመድረሱ በፊት ወንድምና እህት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። የባንክ ግምት የገበያ ዋጋ እንዳልሆነ፣ የጎረቤት ወሬም ዋጋ እንዳልሆነ፣ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ከአንድ አፍ ስሙት። ሩቅ ላለው ወረቀቱን ሙሉውን ላኩለት። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ብልክለት ኖሮ ያን ሦስት ቀን አናጣውም ነበር። ወንድሜ እስከ ዛሬ በርካሽ ሸጥን ይላል። ምናልባት እውነቱን ነው።

እናቴ ሰሚት ከገባች በኋላ አዲሶቹ ጎረቤቶቿ ዳቦና ስኳር ይዘው መጡ። «ቤት ለእምቦሳ» አሉ። «እምቦሳ እሰሩ» አለች፤ ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። በረንዳዋ ላይ በባልዲ የተተከለ የኮክ ችግኝ አለ። ገዢዋ ከዚያው ዛፍ ፍሬ አብቅላ ያመጣችላት ነው። ላይብረሪዋ እንዳለች መሆኗን፣ ልጃቸው ሰሌዳው ላይ በጠመኔ እንደሚሞነጭር የነገረችንም እሷ ናት።

እንግዶቹ ሲሄዱ እናቴ የአዲሱን ቤት ካርታ ቅጂ፣ ውሉንና የግብሩን የመጀመሪያ ደረሰኝ ጠየቀችኝ። አረንጓዴውን ሳጥን ከአልጋዋ ሥር ጎትታ ከአባዬ ጥቅሎች በላይ አስቀመጠቻቸው።

«ለምንሽ ነው?» አልኳት።

«ለእናንተ ነዋ» አለችኝ፤ «ነገ ስትሸጡት አትንከራተቱ።»